ወደ በረሃው የተመለሰው ሳላ

በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ ላይ ቀንዱን እንደ ጦር ሰብቆ የሚቆመውን ሳላ ያየ መንገደኛ መልኩን አይረሳውም። ከቀይ ባሕር ማዶ የሚገኘው ዘመዱ የዓረብ ሳላ በአካል አነስ ይላል፤ ገላው ነጭ ነው። ዓረቦች «ማሃ» ይሉታል፤ የጥንት ባለቅኔዎቻቸውም የቆንጆ ሴትን ዓይን ሲያወድሱ በማሃ ዓይን ይመስሉት ነበር።

ነጭነቱ ለጌጥ አይደለም፤ የፀሐዩን ግለት ይመክትለታል። ዝናብ ለዓመታት በሚጠፋበት ምድር ሳይጠጣ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው፣ ከሚግጠው ተክል እርጥበት ስለሚያገኝ ነው። ጂዳት አል ሐረሲስ በተባለው የመካከለኛው ኦማን ረባዳ የለሽ ሜዳ፣ ከዓረብ ባሕር የሚነሣው ጉም ሌሊት እየገባ በቅጠሉ ላይ ጤዛ ይሆናል። የቦታው ነዋሪዎች፣ የሐረሲስ አርብቶ አደሮችም፣ የምንጭ ውሃ በሌለበት በዚያ አገር የኖሩት በፍየልና በግመል ወተት ነው። ቋንቋቸው ሐርሱሲ ዓረብኛ አይደለም፤ ከግዕዝ ጋር በሩቁ የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው።

በግመል ሳላን አሳድዶ መግደል ቀላል ሥራ አልነበረም፤ አዳኙ ይደክማል፣ ስንቁ ያልቃል፣ እንስሳው ያመልጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪናና አውቶማቲክ ጠመንጃ በረሃው ውስጥ ሲገቡ ይህ ሚዛን ፈረሰ። አደን የችግር ማስታገሻ መሆኑ ቀርቶ የባለጸጎች መዝናኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1962 በሻለቃ ኢያን ግሪምውድ የተመራ ጓድ በምሥራቅ ኤደን ግዛት አሰሳ አድርጎ የያዘው አራት ሳላ ብቻ ነበር፤ አንዱም ሞተ። የተረፉት ሦስቱ አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ወደሚገኘው የፊኒክስ መካነ አራዊት ተወሰዱ፤ ከለንደን፣ ከኩዌትና ከሳዑዲ ዓረቢያ በተገኙት ስድስት ተጨምረው ዘጠኝ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1972 በዱር የቀሩት የመጨረሻዎቹ በጂዳት ተገደሉ። የአንድ ዘር ዕጣ በባዕድ አገር አጥር ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1982 ከዚያ መንጋ የተወለዱ አሥር ሳላዎች ያሉኒ ከተባለው ቦታ ወደ ሜዳው ተለቀቁ። ለጥበቃው የተመረጡት የሐረሲስ ሰዎች ነበሩ፤ የእንስሳውን ኮቴ ከአሸዋ ላይ የሚያነቡ፣ መሬቱን እንደ ቤታቸው የሚያውቁ። ከዚህ የተሻለ ምርጫ ሊኖር አይችልም ነበር። መንጋው አድጎ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከ400 በላይ ደረሰ፤ ቦታውም እ.ኤ.አ. በ1994 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ግን ሌላ አደን መጣ። ይህኛው ሥጋ ወይም ቀንድ አልፈለገም፤ በሕይወት ያለውን ሳላ፣ ይልቁንም ሴቲቱንና ግልገሏን፣ ለግል መካነ አራዊት ባለቤቶች ለመሸጥ ነበር። አጥማጁን ጠባቂው ሊይዘው ይችላል፤ ገዢው ግን ወደ ጂዳት አልመጣም። በሦስት ዓመት ውስጥ በሜዳው ወንዶቹ በዝተው ሴቶቹ አለቁ፤ የቀሩትም ለመዳን ሲባል ተይዘው ወደ አጥር ተመለሱ።

የኦማን መንግሥት ለነዳጅ ፍለጋ ሲል የጥብቁን ስፋት በ90 ከመቶ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዩኔስኮ ቦታውን ከመዝገቡ ሲፍቀው፣ በዚህ ዓይነት የተሰረዘ የመጀመሪያው ቅርስ ሆነ። በዚያን ጊዜ በጥብቁ ውስጥ የቀሩት ሳላዎች 65 ያህል ነበሩ፤ ለመራባት የበቁት ጥንዶች ደግሞ አራት።