የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርትን ከመምረጥ በፊት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ያለፈ ተማሪ በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ በአሶሳ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቢመደብ፣ የትምህርት ክፍሉን በአብዛኛው የሚመርጠው የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ሲያጠናቅቅ ነው። ድልድሉም ፍላጎትንና ውጤትን ያገናዘበ ነው። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወረዳዎች ለሚመጡና ኮምፒውተርን በቅርበት የሚያውቁት ግቢ ከገቡ በኋላ ለሆነ ተማሪዎች፣ ይህ ዓመት ራስን መፈተኛ ነው።

የሚያደናግረው የስሞቹ መመሳሰል ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ወደ ሒሳብና ወደ ፕሮግራም አጻጻፍ ያዘነብላል። ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የመረጃ ሥርዓትን ከተቋማት አሠራር ጋር ያስተሳስራል። ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ደግሞ ኔትወርክ መዘርጋትን፣ ሰርቨርና የመረጃ ቋት ማስተዳደርን፣ ደኅንነታቸውንም መጠበቅን ያስተምራል፤ ባንክም፣ ሆስፒታልም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም የሚሹት ሙያ ነው። ሆኖም ከፕሮግራም አጻጻፍ ለመሸሽ ብሎ የመረጠው ተማሪ ይሳሳታል፤ ኮድ እዚህም አለ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት የመውጫ ፈተናን ማለፍ ግድ ሆኗል፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ስለዚህ ቅጹን ከመሙላት በፊት የትምህርት ክፍሉን የኮርስ ዝርዝር ማየት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ቤተ ሙከራ እንደሚገባም ነባር ተማሪዎችን መጠየቅ ያሻል።