ከሩንዳ እስከ ካንጌሚ፦ የናይሮቢ የምክር ቤት አባል በኃይል ዋጋ ላይ ምን ማድረግ ይችላል?

ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተሰሜን፣ ከካሩራ ደን ባሻገር የሚገኘው ሩንዳ በአንድ ወቅት የቡና እርሻ ነበር። ዛሬ ዲፕሎማቶች፣ ባለሀብቶችና ከፍተኛ ባለሥልጣናት የሚኖሩበት፣ በሰፋፊ ግቢዎቹና በጥበቃ በሚዘጉ በሮቹ የሚታወቅ ሰፈር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የናይሮቢ ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት ጊጊሪም ጎረቤቱ ነው። እዚህ መብራት ሲጠፋ ብዙም ሳይቆይ የጀኔሬተር ድምፅ ይሰማል።

ከዚያው ከሩንዳ አጠገብ፣ መንገድ ብቻ በሚለየው በጊቶጎሮ፣ ቤቱ ከቆርቆሮ የተሠራ ሕዝብ ይኖራል። ራቅ ብሎ ደግሞ ወደ ናኩሩ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ካንጌሚ አለ፤ በአውሮፓውያኑ 2015 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ፖፕ ፍራንሲስ የጎበኙት የድሆች ሰፈር ነው። ሩንዳም ካንጌሚም ዌስትላንድስ በሚባለው የምርጫ ክልል ውስጥ ናቸው። ሁለቱንም በታችኛው ምክር ቤት የሚወክለው አንድ ሰው ነው።

ይህ ሰው ከ2013 ጀምሮ ቲም ዋንዮኒ ናቸው። በሙያቸው ጠበቃ የሆኑት ዋንዮኒ በ1998 በዘራፊዎች በጥይት ተመትተው ከዚያ ወዲህ የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። በአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋችነታቸውም ይታወቃሉ። የኦዲኤም ፓርቲ አባል ሲሆኑ በ2017 እና በ2022 በድጋሚ ተመርጠዋል። ወንድማቸው ሞሰስ ዌታንጉላ ደግሞ ከ2022 ምርጫ በኋላ የዚያው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነዋል።

ከመራጮች ለአንድ የምክር ቤት አባል ከሚቀርቡት አቤቱታዎች መካከል የኑሮ ውድነት፣ በተለይም የመብራትና የነዳጅ ዋጋ፣ ቀዳሚው ነው። ነገር ግን እንደራሴው በዚህ ላይ ያለው ሥልጣን መራጩ ከሚያስበው በአንድ በኩል ያነሰ፣ በሌላ በኩል የበዛ ነው።

ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው?

የመብራት ታሪፍንም ሆነ የነዳጅን የችርቻሮ ጣሪያ የሚወስነው ምክር ቤቱ ሳይሆን በ2019 በወጣው የኢነርጂ ሕግ የተቋቋመው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኤፕራ ነው። ኤፕራ በየወሩ በ14ኛው ቀን የቤንዚን፣ የናፍጣና የነጭ ጋዝ ዋጋ ያሳውቃል፤ ከማግስቱ ጀምሮም ተግባራዊ ይሆናል። እንደራሴው ይህን ማስታወቂያ የሚሰማው እንደማንኛውም ዜጋ በዜና ነው።

የመብራት ሂሳቡ ግን ከፍጆታው ዋጋ ሌላ ብዙ ነገር የተደረበበት ነው። የነዳጅ ወጪ ማካካሻ፣ የውጭ ምንዛሪ ማስተካከያ፣ የዋጋ ንረት ማስተካከያ፣ የገጠር ኤሌክትሪክ ማስፋፊያ 5 በመቶ፣ በላዩም 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) አለ። ከእነዚህ ታክሱ በቀጥታ የምክር ቤቱ ሥራ ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 210 ያለ ሕግ ታክስ መጣልም መሰረዝም አይቻልም ይላልና።

ታሪፉ ራሱ ድሃውን እንዴት እንደሚነካ ለማየት የድጎማውን እርከን መመልከት ይበቃል። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በወር እስከ 100 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ዝቅተኛውን ታሪፍ ይከፍል ነበር። በሚያዝያ 2023 ይህ ጣሪያ ወደ 30 ወረደ። ሩንዳ ውስጥ የትኛውም ቪላ ከ100 በታች ስለማይጠቀም ለውጡ አልነካውም። የነካው አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ትንሽ ማቀዝቀዣ ያለውን የካንጌሚ ቤተሰብ ነው። ይህ የተወሰነው በምክር ቤት ድምፅ አልነበረም።

ቆጠራ የተከለከለበት ቀን

ምክር ቤቱ በቀጥታ ድምፅ የሰጠበት የነዳጅ ቫት የተለየ ታሪክ አለው። በ2013 የወጣው የቫት ሕግ ነዳጅን ለሦስት ዓመት ነጻ አድርጎ ነበር፤ በ2016 ለሁለት ዓመት ተራዘመ። በነሐሴ 2018 የምክር ቤት አባላት ለተጨማሪ ሁለት ዓመት እንዲራዘም ድምፅ ቢሰጡም ገንዘብ ሚኒስቴር መስከረም 1 ቀን 16 በመቶውን መሰብሰብ ጀመረ። ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ረቂቁን ሳይፈርሙ፣ ቫቱ 8 በመቶ እንዲሆን ሐሳብ አቅርበው ወደ ምክር ቤቱ መለሱት።

መስከረም 20 የሆነው ብዙ ኬንያውያን የማይረሱት ነው። የፕሬዝዳንቱን ሐሳብ ውድቅ ለማድረግ የሁለት ሦስተኛ አባላት ድምፅ ያስፈልግ ነበር። በአዳራሹ የተገኙት ከዚያ ያነሱ ስለነበሩ ሐሳቡ በጩኸት፣ በ“አዎ” እና በ“አይሆንም” ተስተናግዶ አለፈ። አባላቱ የእኛ ድምፅ ይበልጣል እያሉ ቢጮኹም ስም እየተጠራ አልተቆጠረም። በማግስቱ ፕሬዝዳንቱ ፈረሙበት። በዚህ ምክንያት ያን ቀን እንደራሴዬ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ መራጭ በቃለ ጉባኤው ውስጥ የሚያገኘው ስም የለም።

በዚያው የፋይናንስ ሕግ ውስጥ ከቫቱ ያነሰ ትኩረት ያገኘ፣ ለካንጌሚ ግን የከፋ አንቀጽ ነበር። በአንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ላይ 18 ሺሊንግ ቀረጥ ተጣለ። ምክንያቱ አሳማኝ ነበር፤ ነጋዴዎች ርካሹን ነጭ ጋዝ ከናፍጣ ጋር እየቀላቀሉ ይሸጡ ነበርና የሁለቱን ዋጋ ማቀራረብ ማጭበርበሩን ያስቀራል ተባለ። የነጭ ጋዙ ምድጃ ግን የነጋዴው ሳይሆን በአንድ ክፍል ውስጥ ልጆቿን የምታበላ እናት ነው። ቀረጡ ነጭ ጋዝን ከናፍጣ ዋጋ አጠገብ አደረሰው። አንድ የከተማ እንደራሴ ድምፁን በእውነት ሊያሰማ ከሚገባው ቦታ አንዱ ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

በ2023 ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። የፕሬዝዳንት ዊሊያም ሩቶ መንግሥት ባቀረበው የፋይናንስ ረቂቅ የነዳጅ ቫት ከ8 ወደ 16 በመቶ እንዲያድግ የተጠየቀ ሲሆን፣ ሰኔ 21 ቀን 184 አባላት ደግፈው 88 ተቃወሙት። በዚህኛው ቆጠራ ነበር። ነገር ግን ያው ሕግ በማብሰያ ጋዝ ላይ የነበረውን ቫት አነሳ። ስለዚህ “ለነዳጅ ቫት ድምፅ የሰጠ” የሚለው ክስ ብቻውን አይበቃም፤ አንድ አባል በአንድ ሕግ የቦዳቦዳውን ቤንዚን አስወድዶ የቤቱን ሲሊንደር ሊያረክስ ይችላል። በመስከረም 2023 የናይሮቢ ቤንዚን ለመጀመሪያ ጊዜ ከ200 ሺሊንግ አልፎ 211.64 ሲደርስ ግን ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ብቻ ሆነ።

ከአዳራሹ ወደ ፍርድ ቤት

የቡሲያ ሴናተር ኦኪያ ኦምታታ ሌላ መንገድ መረጡ። ቀድሞም በመንግሥት ላይ ክስ በመመሥረት የታወቁት ኦምታታ በ2022 ሴናተር ሆነው ቢመረጡም የ2023ቱን የፋይናንስ ሕግ የተሟገቱት በዋናነት በፍርድ ቤት ነው። ሰኔ 30 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕጉን አገደ። ያም ሆኖ ኤፕራ 16 በመቶውን ያካተተ አዲስ የነዳጅ ዋጋ አወጣ። ሐምሌ 28 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እገዳውን አነሳ፤ ከዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 31 ቀን 2024፣ ሕጉን በሙሉ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው አለ። በጥቅምት 29 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ውሳኔ ሻረው። ይህ ሁሉ ሲሆን ነዳጅ ማደያው 16 በመቶውን እየሰበሰበ ነበር።

ከታክሱም በላይ ከባድ የሆነው የኃይል ግዢ ውሎች ጉዳይ ነው። ኬንያ ከምታመነጨው መብራት አብዛኛው ከከርሰ ምድር እንፋሎት፣ ከውሃና ከነፋስ የሚገኝ ሲሆን፣ መራጩ “ታዲያ ለምን ይወደዳል?” ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በከፊል ከግል አመንጪዎች ጋር በዶላር በተገቡ የረጅም ጊዜ ውሎች ውስጥ ነው፤ ኃይሉ ቢወሰድም ባይወሰድም የሚከፈልባቸው ውሎች አሉ። በ2021 የተሰየመ ግብረ ኃይል ዋጋው ከ30 በመቶ በላይ ሊቀንስ እንደሚችል ከገለጸ በኋላ በጥር 2022 የመጀመሪያው 15 በመቶ ተቀነሰ። ሁለተኛው 15 በመቶ አልመጣም።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ሱስዋ የሚደርሰው 1,045 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ከፍተኛ መስመር በኅዳር 2022 200 ሜጋ ዋት ወደ ኬንያ ማስተላለፍ ጀመረ። የሽያጩ ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ይህ ውል በናይሮቢ በተደጋጋሚ ለንጽጽር ይጠቀሳል፤ ከጎረቤት የሚመጣው ርካሽ ከሆነ የራሳችን ለምን ተወደደ በማለት።

ምክር ቤቱ በእነዚህ ውሎች ላይ ያለው ጉልበት በኮሚቴው ክፍል ነው። ሰነድ ማስቀረብ፣ ኃላፊዎችን መጥራት፣ ሪፖርት ማውጣት ይችላል። ሚኒስትሮች የምክር ቤት አባል መሆን ስለማይችሉ በ2023 በተለወጠው ደንብ መሠረት ወደ አዳራሹ እየመጡ ጥያቄ ይመልሳሉ። ከዚህም ሌላ ማንኛውም ዜጋ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 119 ለምክር ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ የጊቶጎሮ ነዋሪ ለዚህ ጠበቃ መቅጠር አያስፈልገውም።

ውሃ፣ መንገድና ቆሻሻ

የሰፈር ጉዳዮች ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት ይፈጥራሉ። ከ2010 ሕገ መንግሥት ወዲህ ውሃ፣ የሰፈር መንገድ፣ የመንገድ መብራትና ቆሻሻ የናይሮቢ አስተዳደር ሥራ ናቸው። ሩንዳ የራሱ የውሃ ኩባንያና ጠንካራ የነዋሪዎች ማኅበር ስላለው በብዙ ነገር እንደራሴውን ደጅ አይጠናም። ካንጌሚ ግን ይጠናል፤ ምክንያቱም እንደራሴው እጅ ላይ የምርጫ ክልል ልማት ፈንድ አለ። በ2003 የተጀመረው ይህ ፈንድ የትምህርት ቤት ክፍሎችን የሚሠራና ለተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጥ ነው። በመስከረም 2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈንዱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሲወስን ከእንደራሴዎቹ ብርቱ ተቃውሞ የገጠመው ለዚህ ነው።

የእንደራሴዎችን ንግግር የሚቆጥርም አለ። በ2005 የተመሠረተው ምዛሌንዶ የተባለው ተቋም ማን ስንት ጊዜ እንደተናገረ በየዓመቱ ያወጣል፤ ዝም ያሉት ስማቸው ሲጠራ ያፍራሉ። ይሁንና ቆጠራው በኮሚቴ ክፍል አንድን ውል አስቁሞ የወጣን ሰውና በአዳራሹ አሥር ጊዜ ተነስቶ አመሰግናለሁ ያለን ሰው እኩል ሊያያቸው ይችላል።

ኅዳር 21 ቀን 2024 ፕሬዝዳንት ሩቶ በምክር ቤቱ ፊት ንግግር ሲያደርጉ ከሕንዱ አዳኒ ኩባንያ ጋር የተገባው የ736 ሚሊዮን ዶላር የኤሌክትሪክ መስመር ስምምነት እንዲሰረዝ ማዘዛቸውን ገለጹ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከአንድ ወር በፊት ስምምነቱን ያገደው ግን በሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ክስ መነሻነት ፍርድ ቤት ነበር።

የዌስትላንድስ መራጮች በነሐሴ 2027 እንደገና ወደ ምርጫ ጣቢያ ይሄዳሉ። ከሩንዳም ከካንጌሚም የሚመጡት የሚያገኙት የድምፅ መስጫ ወረቀት ያው አንድ ነው።