ብርድን የመግዛት ታሪክ፤ የቢራ መብላላትና የሙቀት ቁጥጥር

የሰው ልጅ እሳትን በቁጥጥሩ ሥር ካዋለ እጅግ ረዥም ዘመን አልፏል። ብርድ በፈቃዱ መታዘዝ የጀመረለት ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ይህን ለውጥ ከገፋፉት ኃይሎች አንዱ የቢራ ጠማቂዎች ችግር እንደነበረ እኛ መሐንዲሶች እንኳ ዘወትር አናስታውሰውም። ችግራቸውም የበጋው ሐሩር ብቻ አልነበረም። ዋናው ባላጋራ ከዕቃው ውስጥ፣ ከራሱ ከጥንስሱ የሚመነጨው ሙቀት ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. የሙቀቱ ምንጭ

እርሾ የብቅሉን ስኳር ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለውጥ ሙቀት ያወጣል። ከአንድ ኪሎ ግራም የተብላላ ስኳር የሚገኘው ሙቀት 140 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። በ100 ሊትር የብቅል ጭማቂ ውስጥ 8 ኪሎ ግራም ያህል ስኳር ቢብላላ 1,120 ኪሎ ካሎሪ ይወጣል ማለት ነው። ይህ ሙቀት መውጫ ካላገኘ የፈሳሹን ሙቀት በ11 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። በ9 ዲግሪ የተጀመረ ጥንስስ 20 ዲግሪ፣ በ20 ዲግሪ የተጀመረውም 31 ዲግሪ ይደርሳል።

መዘዙ በጣዕም ይገለጻል። ሙቀት ሲበዛ እርሾው በጥድፊያ ይሠራል፤ ጉሮሮ የሚያቃጥሉ ከባድ አልኮሎችንና ከመጠን ያለፈ የፍራፍሬ ሽታ ያላቸውን ውሁዶች ያመርታል። ብርድ ሲበዛ ደግሞ እርሾው ያንቀላፋል፤ ሥራውም በእንጥልጥል ይቀራል። ስለሆነም ጠማቂው የሚፈልገው ብርድን እንዲያው በብርድነቱ አይደለም። የሚፈልገው፣ የሚፈጠረው ሙቀት በተፈጠረበት ፍጥነት ልክ እንዲወገድለት ነው።

እዚህ ላይ የዕቃው መጠን ወሳኝ ይሆናል። ቅርጹ ሳይለወጥ የአንድ ዕቃ ቁመትና ስፋት አሥር እጥፍ ቢያድግ፣ የሚይዘው ፈሳሽ ሺህ እጥፍ ሲሆን ሙቀት የሚያስወጣው ገጽ ግን መቶ እጥፍ ብቻ ይሆናል። በመሆኑም በ20,000 ሊትር ጋን ውስጥ ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው የማቀዝቀዣ ገጽ፣ በ20 ሊትር ማሰሮ ውስጥ ካለው አንድ አሥረኛው ነው። ከዚህ በታች የሚተረከው ታሪክ በአመዛኙ ከዚህ ሕግ ጋር የተደረገ ትግል ነው።

፪. ከወቅት ወደ ዋሻ

የመጀመሪያው መፍትሔ የቀን መቁጠሪያ ነበር። በበጋ የሚጠመቀው ቢራ እየተበላሸ በማስቸገሩ የባቫርያው መስፍን አልብሬኽት አምስተኛ በ1553 ባወጡት ድንጋጌ፣ ጠመቃ ከመስከረም 29 እስከ ሚያዝያ 23 ባለው ቀዝቃዛ ወቅት ብቻ እንዲካሄድ ታዘዘ። ለበጋ የሚሆነው ቢራ በክረምቱ ማብቂያ ተጠምቆ ከመሬት በታች በተቆፈሩ ጓዳዎች ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ጓዳዎቹ ከሐይቅና ከኩሬ እየተቆረጠ በሚመጣ በረዶ ይሞላሉ፤ ከላያቸውም ጥላ የሚሰጡ ዛፎች ይተከላሉ። «ላገር» የሚለው ስም የመጣው ማከማቸት የሚል ትርጉም ካለው የጀርመንኛ ቃል ነው።

ይህ ልማድ ማንም ያላቀደውን ውጤት አስከተለ። ከዕቃው ሥር እየዘቀጠ በ10 ዲግሪ አካባቢ በትዕግሥት የሚሠራው እርሾ በብርዱ ተመርጦ ገነነ። ይህ እርሾ ዲቃላ ነው፤ ብርድ የመቻል ጠባዩን የወረሰውም በ2011 በአርጀንቲና ፓታጎንያ ደኖች ውስጥ መገኘቱ ከተገለጸ የዱር ዝርያ ነው።

በእንግሊዝ አገር የነበረው መንገድ ሌላ ነው። እዚያ የተለመደው እርሾ ሞቅ ባለ ስፍራ የሚሠራ ስለሆነ ጥያቄው የመለካት ጥያቄ ሆነ። ማይክል ኮምብሩን በ1762 ባሳተመው መጽሐፍ ቴርሞሜትር የጠማቂ መሣሪያ እንዲሆን ተከራከረ። ያን ጊዜ ብዙ ጠማቂዎች የሚመኩት በእጃቸው ስሜት ነበር። የሙኒኩ ጋብርኤል ዜድልማየርና የቪየናው አንቶን ድሬኸር በ1833 ብሪታንያን ሲጎበኙ ይህን የመለካት ልማድ አጠኑ፤ ወደ አገራቸውም ይዘውት ተመለሱ። የኮፐንሃገኑ ያኮብ ክርስቲያን ያኮብሰን ደግሞ በ1845 ከዜድልማየር ያገኘውን እርሾ በፈረስ ሠረገላ ሲያጓጉዝ፣ በየማረፊያው ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሰ በሕይወት እንዳደረሰው ይነገራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ካርልስበርግን መሠረተ። በዚሁ ድርጅት ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሀንሰን በ1883 ንጹሕ እርሾ ከአንድ ሕዋስ ለማራባት ቻለ።

፫. ከበረዶ ወደ ማሽን

የፋብሪካዎቹ ዕቃ እየተለቀ ሲሄድ በረዶ ሸክም ሆነ። አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት 80 ኪሎ ካሎሪ ነው። ቀደም ብለን ያሰላነውን 1,120 ኪሎ ካሎሪ ለማስወገድ ታዲያ ለ100 ሊትር 14 ኪሎ ግራም ያህል በረዶ ያስፈልጋል። ይህም ለወራት የሚቆየውን የጓዳ ቅዝቃዜ ሳይጨምር ነው። ጠማቂዎች በረዶ የተሞሉ የብረት ዕቃዎችን በሚብላላው ቢራ ላይ ያንሳፍፉ ነበር። ክረምቱ ለዘብ ያለ እንደሆነ ግን በረዶው ይጠፋል፤ ሥራውም አደጋ ላይ ይወድቃል።

በሙኒክ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ካርል ፎን ሊንደ ጉዳዩን በቴርሞዳይናሚክስ ስሌት መረመረው። በዜድልማየር ቢራ ፋብሪካ የተሞከረውና በ1873 የተሠራው የመጀመሪያው ማሽን በሜቲል ኤተር የሚሠራ ሲሆን፣ ጋዙ እያፈተለከ አስቸገረ። ሊንደ ፊቱን ወደ አሞኒያ መለሰ። በ1877 በትሪየስቴ ከተማ በድሬኸር ፋብሪካ የተተከለው የአሞኒያ ማሽን እስከ 1908 ድረስ፣ ማለትም ለ31 ዓመታት፣ አገልግሏል። በ1879 ሊንደ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ከ1883 ወደ 1884 የተሻገረው ክረምት ብዙ በረዶ ሳይሰጥ ሲያልፍ የማሽኑ ፈላጊ በረከተ። የተፈጥሮ ቸርነት በጎደለበት ዓመት ስሌት ዋጋውን አገኘ ማለት ይቻላል።

ድሉ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ብርድ ከእንግዲህ ከሰማይ የሚጠበቅ ጸጋ መሆኑ ቀርቶ በካፒታል የሚገዛ ዕቃ ሆነ። ማሽኑን መግዛት የቻለ ዓመቱን ሙሉ ጠመቀ፤ ያልቻለ በወቅቱ ተወስኖ ቀረ።

፬. ወደ ቤት የተመለሰው ጥበብ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ታሪኩ አቅጣጫውን ለወጠ። በብሪታንያ በ1963 ለቤት ጠመቃ ፈቃድ የማውጣት ግዴታ ተነሣ። በአሜሪካም ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 የፈረሙት ሕግ በማግስቱ ዓመት ሥራ ላይ ሲውል፣ በፌዴራል ደረጃ ለቤት ፍጆታ መጥመቅ ከቀረጥ ነፃ ሆነ። የቤት ጠማቂውም በ20 ሊትር ዕቃው የአራት መቶ ዓመቱን መንገድ በአጭሩ ደገመው። ዕቃውን ውሃ በሞላበት ገንዳ ውስጥ አስቀምጦ በውስጡ ውሃቸው የረጋ ጠርሙሶች ሲያንሳፍፍ የበረዶውን ዘመን ይደግማል። በእርጥብ ጨርቅ ሲጠቀልለው፣ እንስራ እያላበ ውሃ የሚያቀዘቅዝበትን ሕግ ይጠቀማል። አሮጌ ፍሪጅ ላይ ቴርሞስታት ሲገጥም ደግሞ የሊንደን ማሽን በጓዳው አስገባ ማለት ነው። አስተዋይ የሆነው ጠማቂ የሙቀት መለኪያውን ከዕቃው ጎን ለጥፎ ይሸፍነዋል። ጥንስሱ በሚፋፋምበት ጊዜ ከክፍሉ አየር በጥቂት ዲግሪ ስለሚበልጥ፣ አየሩን ብቻ የለካ ሰው ይሳሳታል።

ይህ ታሪክ እኛንም ይመለከታል። በደጋው አገራችን እናቶቻችን ጠላን ያለ አንዳች ማሽን ሲጠምቁ ኖረዋል። ለሠርግና ለተዝካር ሲደገስ ጋኖቹ ይበዛሉ እንጂ አንዱ ጋን አይተልቅም። የሸክላው አቅም ያስገደደው ቢሆንም፣ ልማዱ ሙቀቱ መውጫ እንዳያጣ ጠብቋል። ነገ ጠላን በፋብሪካ መጠን ለማምረት የሚነሣ ባለሙያ ግን ጋኑን በማተለቅ ብቻ እንደማይሳካለት ይወቅ። በቤት የተፈተነው ጣዕም በትልቁ ዕቃ የሚጠፋ ቢሆን፣ ጥፋቱን በጌሾው ወይም በብቅሉ ከማሳበብ በፊት የጥንስሱን ሙቀት ይለካ። የማቀዝቀዣውን ኃይል የሚወስነውም ጥንስሱ በፋመበት ሰዓት የሚያወጣው ሙቀት ነው። የሙኒክ ጠማቂዎች በትውልዶች ድካም የደረሱበትን ይህን ዕውቀት እኛ ከመጀመሪያው የንድፍ ገጽ ላይ ልናሰፍረው እንችላለን።