የስፖርተኛ ጠባይና የተመልካች አፍ

የሰውን ጠባይ ለመመርመር የማይቸኩል የለም። በተለይም የሚመረመረው ሰው ሩቅ የሆነና እኛን የማያውቀን ሲሆን ዳኝነቱ ይቀልልናል። በዛሬው ዘመን በእንዲህ ያለው ዳኝነት ፊት ከሁሉ ይልቅ የሚቆሙት ስፖርተኞች ናቸው። በተበላ ሻይ ቤቶች ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው፥ አንዱ ሯጭ ኰራ፥ ሌላውን ኳስ ተጫዋች ገንዘብ አጠፋው፥ ሦስተኛው አገሩን ረሳ ሲባል ይሰማል። እኔም ከዳኞቹ አንዱ ሆኜ ብዙ ዓመት ስለ ኖርሁ፥ ከዚህ በታች የምጽፈው ክስ እኔንም ይጨምራል።

ኳስን ያወቅሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ስማር ነው። ኳሱ ከጨርቅና ከገመድ የተሠራ ነበር፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። መምህራችን ያወጡልን ሕግ ሦስት ነበር፤ የወደቀውን የጣለው ራሱ ያንሣው፤ ከዳኛ ጋር የተከራከረ ይውጣ፤ ያሸነፈ በተሸነፈው ፊት አይዝፈን። ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ይከብደን ነበር፤ ልጅ አሸንፎ ካልዘፈነ ያሸነፈ አይመስለውምና። እኔም በኋላ መምህር በሆንሁ ጊዜ እነዚህኑ ሕጎች ለተማሪዎቼ አወረስኋቸው፤ አንድም ጨመርሁ፤ ባልንጀራውን «ከብት» ብሎ የሰደበ ልጅ ለአንድ ሳምንት ከሜዳ ይርቃል። አንባቢ ይህን አራተኛ ሕግ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንዲህ ያለው ሥርዓት ከውጭ የመጣ ብቻ አይደለም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በገና ጨዋታ ቀን ሎሌ የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢመታ፥ ጌታው እንዳይቆጣ ልማድ ያስገድደው ነበር። (በማግሥቱ ግን ጌታም ጌታ፥ ሎሌም ሎሌ ነበር፤ ይህንም አልዘነጋሁም።)

የስፖርትን ምግባር በታሪክ ለመመልከት የሚፈልግ ሰው ከካርቱም ቢጀምር ይሻለዋል። በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በዚያ ከተማ ሲከፈት፥ ይጫወታሉ የተባሉት አራት አገሮች ነበሩ፤ ሱዳን፥ ግብፅ፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበትን ቡድን አልልክም ስላለች ከውድድሩ ተወገደች። የእርሷ ተጋጣሚ ትሆን የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እኒህ ሰው ለቅዱስ ጊዮርጊስና ለብሔራዊ ቡድን የተጫወቱ፥ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፈውን ቡድን ያሠለጠኑ፥ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት የመሩ ናቸው። የዘር መድልዎን ነገር እስከ ሞታቸው ድረስ አልለቀቁትም። ስለ እርሳቸው ሲወራ ሰው ሁሉ የ1954ቱን ዋንጫ ያነሣል። እኔ ግን ዋንጫ ሳያገኙ የተመለሱበትን የካርቱሙን ጕዞ አስበልጣለሁ።

ለእንዲህ ያለው አቋም ዋጋውን በሰውነቱ የሚከፍለው ግን ስፖርተኛው ነው። ምሩጽ ይፍጠር በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣ፤ ለ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ ግን ሳይደርስ ቀረ። ቀጥሎ የሚመጣውን ኦሎምፒክ ለአራት ዓመት ጠበቀ። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ ግን፥ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ምክንያት፥ ከሃያ የሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ጥለው ወጡ፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ ጋር ወጣች። ሯጭ በሕይወቱ ብርቱ የሚሆንባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው። ምሩጽ እንደ ገና አራት ዓመት ጠብቆ በ1972 ዓ.ም. ክረምት በሞስኮ ሁለቱንም ርቀት አሸነፈ። ያን ጊዜ እኔ ወጣት ነበርሁ፤ ሬዲዮ ባለበት ቤት ደጃፍ ተሰብስበን ሰማን። በጩኸቱ መካከል ስለ ሞንትሪያል ያነሣ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላነሣሁም።

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የሆነውን ግን ዓለም ሁሉ አይቶታል። ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር የደቡብ አፍሪካዋን ኤላና ማየርን በመጨረሻው ዙር ቀድማ ገባች፤ ለኦሎምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ደቡብ አፍሪካ ከ1952 ዓ.ም. የሮም ውድድር በኋላ ወደ ኦሎምፒክ የተመለሰችው በዚያ ክረምት ነበር። ደራርቱ ከመሥመሩ ካለፈች በኋላ ተሸናፊዋን ቆማ ጠበቀቻት፤ ተቃቅፈውም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። አቶ ይድነቃቸው ካረፉ አምስት ዓመት ሆኖአቸው ነበር። በካርቱም እጅን መንፈግ ትክክል እንደ ነበረ፥ በባርሴሎና እጅን መስጠት ትክክል ነበረ፤ ሁለቱን ለይታ ላወቀችው ለዚያች የሃያ ዓመት የአርሲ ልጅ ማን እንዳስተማራት አላውቅም። ይህቺው ሴት በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት በኒውዮርክ ማራቶን ስትሮጥ፥ እግሯን አሟት ወደ ኋላ የቀረችውን እንግሊዛዊት ፓውላ ራድክሊፍን አይዞሽ እያለች ትጎትታት ነበር። ውድድሩንም ያሸነፈችው እርሷው ናት።

አሁን ወደ ራሴ እቀርባለሁ። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. በአቴና የ10,000 ሜትር ውድድር፥ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተረከዙን ጅማት እያመመው ሮጠ። በአትላንታና በሲድኒ ያሸነፈ ሰው ነው። ኃይሌ ወደ ኋላ ሲቀር ቀነኒሳ በቀለ እየተመላለሰ ዞሮ ያየው ነበር፤ እርሱና ስለሺ ስሕን ታላቃቸው እንዲደርስባቸው ፍጥነታቸውን ቀነስ አደረጉ። ሳይሆን ሲቀር ለቀቁት፤ ቀነኒሳ አንደኛ፥ ስለሺ ሁለተኛ፥ የኤርትራው ዘርሰናይ ታደሰ ሦስተኛ ወጡ፤ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። በማግሥቱ መምህራን ስንወያይ አንዱ ባልደረባዬ፥ «ውድድር ለቅሶ ቤት አይደለም፤ ምን ያስጠብቃል?» አለ። እኔ ተቆጣሁ፤ ታላቅን ማክበር የኢትዮጵያዊ ወግ ነው ብዬ ለግማሽ ሰዓት ሰበክሁት። እርሱም ሰምቶ ሲያበቃ፥ «እነዚያ ልጆች ሲጠብቁ ወርቁ ቢያመልጣቸው ኖሮ፥ ዛሬ ይህን ስብከት ትሰብክ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። ወርቁ ቢያመልጥ ኖሮ «ሞኞች!» ማለቴ አይቀርም ነበር። እንግዲያስ ያመሰገንሁት የልጆቹን ምግባር መስሎኝ ወርቁን ኖሯል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስፖርተኛ ሲመሰገን ወይም ሲወቀስ በሰማሁ ቍጥር ይህችን ጥያቄ አነሣለሁ፤ ውጤቱ ቢገለበጥ ፍርዳችን ይገለበጥ ነበርን? ብዙ ጊዜ ይገለበጥ ነበር።

ለዚህ ምስክር የሚሆን የጫማ ነገር አለ። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ትቶት ሮጠ፤ እኛም ይህን እስከ ዛሬ እንደ ምሥጢር እንተርከዋለን። ከስድሳ ዓመት በኋላ፥ መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በቪየና ማራቶን ሌላው የአገራችን ልጅ ደራራ ሁሪሳ አንደኛ ገባ። ነገር ግን ሕጉ የጫማ ሶል ከ4 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ሲያዝ የእርሱ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ለመለማመጃ የሚያደርገው ጫማ ነበረ። ብዙም ሳይቆይ ውጤቱ ተሰርዞ ድሉ ለኬንያዊው ለሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው፥ «ኢትዮጵያዊ ስለ ሆነ ቀሙት» አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ ሴንቲ ሜትር አንድ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እንደ ሕጉ ያልታገለ አክሊል እንደማያገኝ አሳስቦታል። ልጁን ሌባ ማለትም ደግሞ ግፍ ነው። ኬንያዊው አንደኛ ገብቶ ሶሉ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ኖሮ ምን እንል እንደ ነበር፥ አንባቢ ራሱ ይመልስ።

ስፖርት እንጀራ ከሆነ ወዲህ ጠባይ ተበላሸ የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ገንዘብ እንደሚፈትን አውቃለሁ፤ ደራርቱ በኒውዮርክ ስትሮጥ ግን ገንዘብ ነበረ፥ ጠባይዋም ነበረ። አበበም በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሽባ ሆኖ ሳለ፥ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በእንግሊዝ አገር በቀስት ውድድር ለመሰለፍ አላፈረም። ሁለት ጊዜ የዓለም አንደኛ የነበረ ሰው እንደ ገና ከጀማሪዎች ጋር ተቀምጦ ዒላማ ሲስት እየታየ መጫወቱ፥ ከሮሙ ሩጫ ያላነሰ ነገር ይመስለኛል።

በእኔ አስተያየት ይበልጥ የተበላሸው የተመልካቹ ጠባይ ነው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ተጋጠመ። ቀኑ በ1954 ዓ.ም. ዋንጫው የተበላበት ዕለት መሆኑን ያስተዋለ ጥቂት ነው። ግብ ጠባቂያችን በቀይ ካርድ ሲወጣ፥ ከኢትዮጵያውያን ተመልካቾች አንዳንዶቹ ጥሩምባና ሌላም ዕቃ ወደ ሜዳ ስለ ወረወሩ ጨዋታው ቆመ። የቀሩት አሥር ተጫዋቾች ግን አዳነ ግርማ ባገባት ግብ 1 ለ 1 ወጡ። ተጫዋቾቹ ከደጋፊዎቻቸው ይልቅ ታገሡ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ፥ በቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ ያልነበረበት ተጫዋች ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ በመሰለፉ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን፤ ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ። ካርድ ያልቈጠሩት ሹማምንት ሳሉ፥ በየሻይ ቤቱ የተሰደበው የተሰለፈው ልጅ ነበር።

የእኛው የወላይታ ድቻም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ2010 ዓ.ም. ድቻ፥ አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነውን የካይሮውን ዛማሌክን በሐዋሳ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በካይሮ 2 ለ 1 ተሸንፎ በፍጹም ቅጣት ምት አለፈ። ተበላ ያን ሌሊት አልተኛችም። እኔም በሽማግሌ ጕልበቴ ዘለልሁ፤ የሚስዮን ትምህርት ቤቱን ሦስተኛ ሕግ ረስቼ ዘፈንሁም። ከዚያ በኋላ ግን ቡድኑ በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ በዳሬሰላም 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ በሐዋሳ 1 ለ 0 ቢያሸንፍም ከውድድሩ ወጣ። ከካይሮ ሲመለሱ «አንበሶቻችን» ያላቸው አፍ፥ ከዳሬሰላም ሲመለሱ «ሰነፎች፥ በላተኞች» አላቸው። ከሆሣዕና እስከ ስቅለት ያለው አምስት ቀን ብቻ መሆኑን በየዓመቱ እየሰማን፥ ስለ እኛ የተነገረ አይመስለንም።

እንግዲህ አራተኛው ሕግ ወዳለበት ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. በበጋ፥ እዚሁ አካባቢያችን በተደረገ የወጣቶች ውድድር ላይ ከግቡ በስተጀርባ ቆሜ እመለከት ነበር። የምደግፈው ቡድን ግብ ጠባቂ ቀላል ኳስ ከእጁ አምልጣ ገባችበት። እኔም በሙሉ ድምፄ «አንተ ከብት!» ብዬ ጮኽሁ። ልጁ ዞሮ አየኝ። ከስምንት ዓመት በፊት አማርኛና ግብረ ገብ ያስተማርሁት ተማሪዬ ነበረ፤ እኔ ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው፤ እርሱ ግን ድምፄን ሳያውቀው አልቀረም።

ጨዋታው ሲያበቃ ጭቃ የነካውን ጓንቱን አውልቆ ወደ እኔ መጣና ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝ።

«መምህር፥ ደኅና ዋሉ? ቤተ ሰብ ደኅና ነው?»

«ደኅና፥ እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁት።

«ፀሐይዋ ዐይኔ ላይ ነበረች፤ ኳሷን አላየኋትም» አለኝ። እኔም «ጨዋታ ነው» ብዬ አለፍሁት። ዳገቱን እስክወጣ ድረስ ጃንጥላዬን ይዞልኝ ሸኘኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ያ ሁሉ መንገድ በቂ ነበረ፤ አልጠየቅሁም። ተማሪ ይቅርታ ይጠይቃል እንጂ መምህር ይጠይቃል ብሎ ያስተማረኝ አልነበረም፤ እኔም ለማንም አላስተማርሁም።

ሁለት ወር ቆይቼ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። እናቱ ቡና አፍልተው አስተናገዱኝ፤ ልጁ ሥራ ፍለጋ ወደ ሐዋሳ መሄዱንም ነገሩኝ። «ስለ እርስዎ ሁልጊዜ ያወራል፤ ምን መጣብዎ መምህር?» ቢሉኝ «እንዲያው ለመጠየቅ ነው» አልሁ። ሁለተኛውን ስኒ ጠጥቼ ተነሣሁ። ይህ መጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ ይህችን ገጽ አጥፌ በእናቱ እጅ እልክለታለሁ።