ሾጣጣን በቶርኖ ስለ መቅረጽ

በጎጃም ገጠር ባለ እጁ የጦር ብረት ሲሠራ፣ ግርጌውን ጠቅልሎ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ማግቢያ ያበጅለት ነበር። ዘንጉም በዚያው ልክ ሾጥጦ ሲገባ፣ በገፉት መጠን ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ዛሬ በየቶርኖ ቤቱ ፑንታውን ከማሽኑ ዘንግ ጋር አጥብቆ የሚያይዘው ይኸው ብልሃት ነው። ይሁን እንጂ ብልሃተኛው ይናቅ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል።

በሌላው ዓለም ግን ነገሩ በቁጥር ተወሰነ። አሜሪካዊው ስቲፈን ሞርስ በ1863 እ.ኤ.አ. ለጠምዛዛ ፑንታ የፈጠራ መብት አገኘ፤ በስሙ የሚጠራው ሾጣጣም በየ20 ሚሊሜትር ርዝመት ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ያህል ይቀንሳል። ይህም ከመሐል መስመሩ በእያንዳንዱ ጎን 1 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ገደማ ነው።

በጎጃም ምድር የብረታ ብረት ሙያን በመደበኛ ትምህርት ካቀረቡት መካከል በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተመሠረተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ይገኛል። በዚያው በ1950ዎቹ የጢስ ዓባይ ውኃ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ስለ ጀመረ፣ የማሽን ኃይልና የማሽን ተማሪ በአንድ ዘመን ተገናኙ።

ትልልቅ ቶርኖዎች ለሾጣጣ ሥራ ልዩ መሪ ሊገጠምላቸው ይችላል። ትንሿ ቶርኖ ግን በተለምዶ ሁለት መንገድ ትሰጣለች። አንደኛው የኋላ ደጋፊውን ከመስመር ማራቅ ነው፤ ለተጠቀሰው ሾጣጣ፣ ለ200 ሚሊሜትር ዘንግ 5 ሚሊሜትር ይበቃል። ነገር ግን ለውስጥ ሾጣጣ አይሆንም፤ መልሶ ማስተካከሉም ያደክማል። ሁለተኛው መቁረጫውን የተሸከመውን የላይኛውን ተንሸራታች አዙሮ በእጅ መንዳት ነው። የእርሱ የዲግሪ ምልክት ግን ደቂቃን ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ ልምድ ያለው ባለሙያ ጤነኛ ሾጣጣ በማሽኑ ላይ አስሮ፣ የመለኪያው መርፌ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይነቃነቅ እስኪሄድ ድረስ ተንሸራታቹን ያቃናል። መቁረጫውም ልክ በመሐል ከፍታ ካልቆመ ሾጣጣው ይጎብጣል፤ የጎበጠ ሾጣጣ ደግሞ በከፊል ብቻ ስለሚነካ ሥራ ላይ ይሾራል።

አንዲት ሾጣጣ ማግቢያ ተበላሽታ ማሽን ሲቆም ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ መጠበቅ ግድ የሚሆነው ይህን ሥራ የሚያውቅ እጅ ሲጠፋ ነው። ባለ እጁ በዓይኑ የለካውን እኛ በመርፌ እንለካለን፤ የጎደለን መለኪያ ሳይሆን ለእጅ ሥራ የሚገባው ክብር እንዳይሆን እንጠንቀቅ።