ፍሬን ሲንቀጠቀጥ

ዓባይ በረሃን ስወርድ ነው ነገሩ የጀመረው። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። አዲስ አበባ ስመለስ አንዱ ጋራዥ፣ ጎማ እንኳ ሳይፈታ፣ «ዲስኩ ተጣሟል፣ ይቀየር» አለኝ። አላመንኩም። አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድኩ።

«የሚንቀጠቀጠው መሪው ነው መቀመጫው?» አሉኝ።

«መሪው።»

«እንግዲያው ከፊት እንጀምር። መቀመጫው ቢሆን ኋላውን አይ ነበር።»

ፈትተው ለኩት። ዲስኩ አልተጣመመም፤ ውፍረቱ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቁልቁለቱ ላይ የጋለው የፍሬን ሸራ እዚህም እዚያም ተለጥፎበታል። ቶርኖ ቤት ተላገና ዳነ።

ዲስክ ፍሬን እንግዲህ ሲወለድ ጀምሮ አስቸጋሪ ልጅ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር በ1902 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ፣ መዳቡ ከብረቱ እየተፋተገ ጆሮ ይበጥስ ነበር። ጩኸቱን ዝም ያሰኘው የኸርበርት ፍሩድ የአስቤስቶስ ሸራ ነው። በ1953 ጃጓር በዲስክ ፍሬን የሌማንን ውድድር አሸነፈ፤ የመኪና ፋብሪካዎችም ቀስ በቀስ ተከተሉ። የአስቤስቶስ ብናኝ ግን ሳንባ ገብቶ ካንሰር ያመጣል፤ እንግሊዝ ራሷ በ1999 ከለከለችው። ጩኸት ማጥፋትና በሽታ ማዳን ለየቅል ናቸው።

አዛውንቱ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉ ለምን አልኳቸው።

«ድሮ በአፋችን እፍ እንል ነበር፣ ልጄ። ማን ነገረን?»