ፍላትፓክ
ፍላትፓክ በሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ ፕሮግራሞችን ለማሰራጨትና ከተቀረው ሲስተም ለይቶ ለማስኬድ የሚያገለግል ዘዴ ነው። የጀመረው አሌክሳንደር ላርሰን ሲሆን እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ኤክስዲጂ-አፕ ይባል ነበር። 1.0 እትሙ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጣ።

በዴቢያንና በኡቡንቱ የተለመደው የዴብ ጥቅል ፋይሎቹን በቀጥታ ሲስተሙ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሲጫንም በውስጡ ያሉት ስክሪፕቶች በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይሠራሉ። ስለዚህ ካልታወቀ ድረ ገጽ የወረደ ዴብ መጫን ለማያውቁት ሰው የቤት ቁልፍ እንደ መስጠት ነው። ጥቅሙ ላይብረሪዎቹ የጋራ መሆናቸው ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በኦፕንኤስኤስኤል ላይ ሃርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ፣ አንዱን ላይብረሪ አድሶ ፕሮግራሞቹን እንደገና ማስነሳት ይበቃ ነበር። በፍላትፓክ ግን ከፕሮግራሙ ጋር የታሸገ ላይብረሪ የሚታደሰው አዘጋጁ አዲስ እትም ሲያወጣ ነው።

ፍላትፓክ ፕሮግራሙን በባብልራፕ አማካኝነት ያጥረዋል። ተጠቃሚው ፋይል ሲመርጥ ፖርታል የተባለው አገናኝ ያንኑ ፋይል ብቻ ያቀብለዋል። ይሁንና የአጥሩን ስፋት በመጀመሪያ የሚወስነው የፕሮግራሙ አዘጋጅ ነው፤ «ሆም» የሚል ፈቃድ ያለው ፕሮግራም የተጠቃሚውን ፋይሎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያያል። «ታጥሯል» ብሎ መተማመን አይገባም። ፈቃዶቹን ፍላትሲል በተባለ ፕሮግራም ማየትና መቀነስ ይቻላል።

መጠኑም ይከብዳል። ራንታይም የተባለው የጋራ መሠረት አብሮ ስለሚወርድ፣ የመጀመሪያው ፕሮግራም ትንሽ ካልኩሌተር ቢሆን እንኳ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊፈጅ ይችላል፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ቀላል አይደለም። ያንኑ ራንታይም የሚጋሩት ቀጣዮቹ ፕሮግራሞች ግን እንደገና አያወርዱትም።